ናህመን በጎንከ አንደበት

በሰሜን ጀርመን በምትገኘው ሁዙም ከተማ ውስጥ ጥርሱን የታመመ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሐኪሙን አይደለም፤ ጎንከ ፌደርዘንን ነው። ከመስታወቱ በስተጀርባ ተቀምጣ ስም ትመዘግባለች፣ ቀጠሮ ትሰጣለች፣ ከሁሉም በላይ ግን ሰው ታረጋጋለች። ሐኪሙ ቃል ቆጣቢ ነው፤ "ይነቀላል" ካለ ይነቀላል፣ ሌላ ነገር አይጨምርም። እሷ ታዲያ ያንኑ ቃል ተቀብላ ወደ ታማሚው ስታደርሰው "ዶክተሩ ጥርሷን ጠጋ ብሎ ሊያያት ፈልጓል" ሆኖ ይደርሳል። ሰውየው ወንበሩ ላይ ወጥቶ አፉን ከከፈተ በኋላ የሚሆነው የሐኪሙ ጉዳይ ነው። በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመኗ ከመጠበቂያ ክፍሉ ተነሥቶ የሮጠ አንድ የከብት ነጋዴ ብቻ ነው፤ እሱም በማግስቱ አበባ ይዞ ተመልሷል።

ይኸው ጠባይዋ ቤቷም ይሠራል። ባሏ ብሮደርና ወንድሙ በአባታቸው ትራክተር ተጣልተው ለዓመታት ሲኮራረፉ መልእክት አመላላሿ እሷ ነበረች። ብሮደር "ያ አህያ ደጄን እንዳይረግጥ ንገሪው" ሲላት ሄዳ "ብሮደር ሰላም ብሎሃል፣ ያልመጣው ወገቡን አሞት ነው" ትላለች። ወንድምየው የሚመልሰውም ስድብ እንዲሁ መንገድ ላይ ስኳር ይገባበታል። አንድ የገና ቀን ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ቀርበው ዝይ በሉ፤ እያንዳንዱም ቀድሞ የተለሳለሰው ወንድሙ መሰለው። ጎንከ ወጥ ቤት ገብታ ብቻዋን ሳቀች። ክፉ ቃል መንገድ ላይ ቢለዝብ ማንን ይጎዳል? ማንንም አይጎዳም ብላ አመነች፤ ይህም እምነቷ ለረጅም ጊዜ አላሳፈራትም።

ሌላው ኑሮዋ ካርታው ነው። የሰሜን ፍሪስላንድን የባሕር ዳርቻ በእግሩ የሚዞር ሰው ስልኩ ላይ በነጻ የሚከፍተው ካርታ አለ፤ ጌታም ደመወዝተኛም የለውም። የባሕሩን ግድብ፣ ግድቡ ላይ የሚግጡትን በጎች በር፣ ባሕሩ በየዕለቱ ሲሸሽ በሚገለጠው ጭቃ ላይ የሚኬድበትን መንገድ ሁሉ በእግራቸው ሄደው እያዩ የሚያስገቡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ፖስተኛ አለ፣ ነርስ አለ፣ ጡረተኛ አለ፣ ሚስቱ "እባክህ ከቤት ውጣልኝ" ያለችውም አለ። አራት መቶ ያህል ናቸው ይባላል፤ አፍ አውጥተው የሚናገሩት ግን ሠላሳ አይሞሉም። ከሃያ ዓመት በፊት ሲጀመር ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ጎንከና ናህመን ዮሐንዘን።

ናህመን ለጎንከ በልጅነቷ ፊዚክስ ያስተማራት ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ወደ ተወለደባት ደሴት፣ ወደ ኦስተርሀልም ተመለሰ። ደሴቷ ግድብ የላትም፤ በብርዱ ወራት ባሕሩ ሲቆጣ መሬቷን በሙሉ ይውጥና ቤቶቹ የተሠሩባቸው ጉብታዎች ብቻ ይቀራሉ። ኢንተርኔት አለ ይባላል። ኢሜይል እያቃሰተም ቢሆን ይገባል፤ ፎቶና ጌጣጌጥ የበዛበት ገጽ ግን ሻይ ተፈልቶ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ይዞርና ጭራሹን ይቆማል። ለናህመን ይህ በቂው ነበር፤ የካርታው ሰዎች የሚነጋገሩት በኢሜይል ቡድን ነዋ። አንዱ የጻፈው ለሁሉም ይደርሳል። አንድ ነገር ይለወጥልኝ የሚል ሰው ሐሳቡን ይጽፋል፣ ሁለት ሳምንት ይጠበቃል፣ የተቃወመ ከሌለ ጸደቀ። በዚያ አገር ዝም ማለት እሺ ማለት ነው፤ በመንደር ስብሰባም ሊቀመንበሩ "የሚቃወም አለ?" ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፣ ሕዝቡ ጫማ ጫማውን ያያል፣ አለቀ። አስተባባሪዋ ጎንከ ስለሆነች ጊዜው ሲያልቅ "ጸድቋል" ብላ የምትጽፈው እሷ ነች።

ችግሩ ናህመን ዝም የሚል ሰው አይደለም። ብዙ ጊዜ ልክ ነው፣ ብዙ ጊዜም አይደለም። የውሃ መዝጊያ በር ድልድይ ሊባል አይችልም ብሎ ወራት ሙሉ ሲሟገት ከርሞ ራሱ በዚያው በር ላይ ተራምዶ ሲሻገር ፎቶ ወጥቶበት ያውቃል። ልክ ሆነም አልሆነ ምላሱ ምላጭ ነው። እሱ ጨዋታ ይመስለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ክፍል ሲያስቅ የኖረ አስተማሪ ነው፤ የተሳቀበት ልጅ ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚሆን ግን ጠይቆ አያውቅም።

ሜርለ የምትባል የኪል ተማሪ አንድ ቀን የመጀመሪያ ሐሳቧን አቀረበች፤ ግድቡ ላይ ያሉት አግዳሚ ወንበሮች ካርታው ላይ ይግቡ የሚል። ናህመን ለመላው ቡድን መልስ ጻፈ። "ወንበር ለመፈለግ ካርታ የሚያስፈልገው ሰው ቤቱ ቢቀመጥ ይሻለዋል። ሐሳብ አቅራቢዋም አጠገቡ ትቀመጥለት፣ ብቻውን እንዳይሰለቸው።" አንዳንዱ ሳቀ፣ የቀረው ዝም አለ፣ ሜርለ ግማሽ ዓመት ጠፋች። እናቷ የልብ ሕመምተኛ እንደሆነች፣ ጥቂት ተራምዳ ካልተቀመጠች ትንፋሽ እንደሚያጥራት ጎንከ የሰማችው ዘግይታ ነው። እንደ ሜርለ ሹልክ ብለው የወጡ ሌሎችም ነበሩ። የሰደበ ኢሜይል ደግሞ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው፤ ማንም ይዞ አያስቀረውም።

ሜርለ ስትመለስ ባዶ እጇን አልመጣችም። ከጓደኞቿ ጋር ፎረም ከፈተች፤ ሁሉ ነገር በየርዕሱ የሚቀመጥበት፣ ክፉ ቃል የሚሰረዝበት፣ ፎቶ የሚለጠፍበት። ሌሎች ደግሞ ፎረሙም ይንቀራፈፋል ብለው የስልክ ግሩፕ አቋቋሙ። እንግዲህ ጉድ የፈላው ያኔ ነው። የለውጥ ሐሳብ ሦስት ቦታ መቅረብ ጀመረ፤ አንዱ ጋ የጸደቀው ሌላው ጋ አልተሰማም፣ አንዱ ያስገባውን ሌላው ይሰርዛል። የውይይቱ ቦታ አንድ ይሁን ተባለ። የት ይሁን የሚለውም ጥያቄ በሦስቱም ቦታ ቀረበና በሦስቱም ቦታ ሰዉ በአንድ ድምፅ ተስማማ፤ እዚሁ ይሁን ብሎ።

በመጨረሻ ሁሉም ወደ ጎንከ ዞሩ። አንቺ ሐሳብ አቅርቢ፣ የምትዪውን እንቀበላለን አሏት። ሜርለም ከኪል ድረስ በባቡር መጣችና ወደቡ አጠገብ ካለ ኬክ ቤት ተቀመጡ። ልጅቷ የፕሪም ማርመላታና ክሬም ያለበትን ኬክ በሹካ ትቆፍረው ነበር እንጂ አትበላውም።

"እኔ ሰውየውን አውጡት አልልም" አለች ሜርለ። "ግን ኢሜይል በገባ ቁጥር ስሙን ካየሁ ከመክፈቴ በፊት ተነሥቼ እዞራለሁ። ይኼ በፈቃዴ የምሠራው ሥራ ነው እኮ፣ ጎንከ። ማንም አይከፍለኝም።"

"ክፋት የለውም። አፉ ነው እንጂ..."

"እሱን ለሱ ንገሪዋ።"

ጎንከ ቡናዋን አማሰለች። ናህመንን ፈርታው አይደለም፤ ትወደዋለች። አባቷ በሞተ ሰሞን ከትምህርት ቤት ሲያስቀራትና ሌላው ልጅ ቅጣት ነው ብሎ ሲያማት፣ ሰውየው ቤተ ሙከራ ውስጥ አስቀምጧት ማግኔትና ሽቦ ያጫውታት ነበር፤ ቤቷ ገብታ እናቷን ስታለቅስ እንዳታይ። እንዲህ ያለውን ሰው "ምላስህ ሰው አባረረ" ብላ ፊት ለፊት እንዴት ትበለው?

አላለችም። ውይይት ሁሉ ወደ ፎረሙ ይዛወር የሚል ሐሳብ ጻፈች። ምክንያቱን ስትደረድር ኢሜይል አርጅቷል አለች፣ የተጻፈው ይጠፋል አለች፣ ወጣቶች አይጠቀሙበትም አለች። ሁሉም እውነት ነው፤ ግን ምክንያቷ አልነበረም። ለኢሜይል ቡድኑም፣ ለፎረሙም፣ ለግሩፑም ላከችና ሁለት ሳምንቱን መጠበቅ ጀመረች።

ናህመን ዝም አለ። በሃያ ዓመት ውስጥ ናህመን በአንድ ሐሳብ ላይ ዝም ሲል የመጀመሪያው ነበር። ጎንከ ማንበቡን አልተጠራጠረችም፤ ኢሜይል የሚከፍተው ቁርስ ሳይበላ ነው። እንድትደውልለት እየጠበቀ እንደሆነም ልቧ ያውቀዋል። ስልኩን አንሥታ መልሳ ታስቀምጠዋለች፤ ነገ ትላለች፣ ነገም ሰው ይበዛባታል። ጊዜው ሲያልቅ "ተቃውሞ ስላልቀረበ ጸድቋል" ብላ ጻፈችና ደረቷ ቀለል አለላት። ቀለል ማለቱ ራሱ ትንሽ አሳፈራት።

ከዚያ ለሱ ለብቻው ጻፈችለት። ፎረሙ አንተ ጋ እንደማይከፈት አውቃለሁ፣ የምትለውን ሁሉ ለኔ ላክልኝ፣ በስምህ አስገባልሃለሁ አለችው። መልሱ አንድ መስመር ነበር፤ "እንግዲህ አፌ አንቺ ነሽ።"

የመጀመሪያውን ጽሑፉን ለማስገባት ስትቀመጥ እጇ እንዳለ ሊገለብጠው ነበር። ሐሳቡ ስለ በጎች በር ነው፤ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን መሀሉ ላይ የሐሳቡን አቅራቢ "ይህ ሰው በርና አጥር የሚለየው ሲጋጨው ነው" ብሎታል። ይቺን ታውጣት ወይስ ትተዋት? አወጣቻት። ሌላውን እንዳለ ተወችው። ማንም አልተቀየመም፣ በሩም ተስተካከለ። በሁለተኛው ሁለት መስመር ወጣ። በአምስተኛው "እንደኔ እንደኔ" የሚል ገባ፣ በስምንተኛው "ከምስጋና ጋር"። እጅ ሲለምድ አይታወቅም። እየቆየች ሄዳ የናህመንን ጽሑፍ አንብባ ትዘጋውና ፍሬ ነገሩን በራሷ ቃል ትጽፈው ጀመር፤ ከሥሩም "ናህመን" ብላ ታኖራለች።

ፎረሙ ላይ ሰው ይገረም ያዘ። ሽማግሌው ገራ እኮ ይባባላሉ። የጠፉት ሰዎች አንድ በአንድ ተመለሱ፣ አዳዲሶችም ገቡ። ሜርለ ራሷ አንድ ቀን "ናህመን፣ ስለ ምክርህ ከልቤ አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተምሬበታለሁ" ብላ ጻፈችለት። ጎንከ ይህን ገልብጣ ወደ ደሴቱ ላከች። ናህመን መለሰ፤ "ልጅቷን ምን ነካት? ስሰድባት ታመሰግነኛለች። ደህና አስተዳደግ ያላት ሳትሆን አትቀርም።" ጎንከ መሥሪያ ቤት ተቀምጣ እስኪያስላት ሳቀች። ሳቋ ሲበርድ መስመሩን መልሳ አነበበችው፤ ግን በሽተኛ ገባና ረሳችው።

በጸደይ ሜርለ ትልቁን ሐሳቧን አመጣች። በጭቃው ላይ የሚኬድባቸው መንገዶች በካርታው ላይ በሦስት ቀለም ነበር የሚታዩት፤ ያለ መንገድ መሪ ፈጽሞ የማይገባባቸው በቀይ። ሦስቱ ቀለም ሰው ያደናግራል፣ በሌላው አገር ካርታም የለም፤ ሁሉም አንድ ሰማያዊ ይሁንና መሪ ያስፈልጋል የሚለው መንገዱ ሲነካ በሚወጣው ማስታወሻ ይጻፍ አለች። ብዙ የሠራችበት ሐሳብ ነው። ከማቅረቧ በፊት ለጎንከ ደውላ ፈራሁ ብላት ነበር፤ ጎንከም አይዞሽ ብላታለች።

የናህመን ጽሑፍ በምሳ ሰዓት ደረሰ።

"ይህን ያሰበ ሰው ጭቃው ላይ ቆሞ አያውቅም። እግረኛ ስልኩ ላይ ቀለም ያያል እንጂ ማስታወሻ አያነብም። ከኔ ቤት የባሕር እንስሶቹ፣ አቆስጣዎቹ፣ ወደሚተኙበት አሸዋ የሚሄደውን መንገድ ቀይ ያደረግሁት ለጌጥ አይደለም፤ ባሕሩ ሲመለስ መጀመሪያ የሚሞላው ከእግረኛው ኋላ ያለው ቦይ ነው። ቀዩን ካጠፋችሁት ሰው ይሞታል። ከዚያ ሬሳው ዙሪያ ቆማችሁ የትኛው ቀለም እንደሚያምር ትወያያላችሁ። ሜርለ ወደ ወንበሮቿ ትመለስ።"

ጎንከ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ዓይኗ የቀረው የመጨረሻው መስመር ላይ ነው። ልጅቷ ይህን አይታ ዳግመኛ ስትጠፋ፣ ያ ሁሉ የተሰባሰበ ሰው እንደገና ሲበተን ታያት። ሰው ይሞታል የሚለውን ናህመን ከዚህ በፊትም ብሎታል፤ ስለ ብስክሌት መንገድም ብሎ ነበር፣ ስለ አንድ ምሰሶም ብሎ ነበር። ሳንድዊቿን በወረቀቱ ላይ አኑራ ጻፈች። "ሐሳቡ በደንብ የተሠራ ነው። ሆኖም ቀዩ ምልክት ለአንዳንድ እግረኞች ይጠቅም ይሆናልና ቢታሰብበት። ከምስጋና ጋር፣ ናህመን።"

ሜርለ በትሕትና መለሰች፤ ማስታወሻውን ረዘም እናደርገዋለን አለች። ሌላ የተናገረ የለም። ሁለት ሳምንቱ አለቀ፣ ጎንከ "ጸድቋል" አለች፣ ቀዩ ከካርታው ጠፋ። ለናህመን "ተወያይተውበታል፣ ማስታወሻ ይጨምሩበታል" ብላ ጻፈችለት። ናህመን አልመለሰም።

ነሐሴ ላይ ከመሀል አገር፣ ከካሰል ከተማ የመጡ አባትና ልጅ በኦስተርሀልም በኩል ወደ አሸዋው ወጡ። አቆስጣ ልታይ የጓጓችው ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ ነች። ስልኩ ሰማያዊ መስመር አሳያቸው፣ ተከትለው ሄዱ። ጉም ወረደ። ሊመለሱ ሲሉ የመጡበት ቦይ ሞልቷል። ናህመን ከጉብታው ላይ ሆኖ ጩኸት ሰማ፤ ለነፍስ አድን ጀልባው ደወለና ወደ ባቡር ጋሪው ሮጠ። በባሕሩ መሀል በተዘረጋው ሐዲድ ላይ የደሴቱ ሰው የሚመላለስባት ሞተር የተገጠመላት ጋሪ ነች። ጥሩምባዋን ይነፋ ጀመር፤ የብስ ወዴት እንዳለ በድምፁ እንዲያውቁ። ጀልባው እስኪደርስ ድረስ አውራ ጣቱን ከጥሩምባው ቁልፍ ላይ አላነሣም። አባትየው ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ተገኘ። እሱ በእግሩ ወጣ። ልጅቷ ብርዱ ገብቶባት ራሷን ስታ ስለነበር ሄሊኮፕተር ወሰዳት፤ ትድን አትድን ሳይታወቅ ቀናት አለፉ።

ጎንከ ወሬውን በሬዲዮ ሰማች። ፎረሙን ስትከፍት የሜርለ ጽሑፍ ከላይ ተቀምጧል። "ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ለምን ማንም አላስጠነቀቀኝም? ሁሉን ነገር ይቃወም የነበረው ናህመን እንኳ ቢታሰብበት ነው ያለው።" ከመስታወቱ ወዲያ አንዲት ሴት ጉንጯን ይዛ ቆማለች፤ "ያማል እንዴ?" ብላ ትጠይቃለች። ጎንከ ቀና ብላ አየቻት። "አዎ፣ ያማል" አለቻት። ሴትዮዋ ደነገጠች።

ቅዳሜ ጎንከ ወደ ደሴቱ ሄደች። ናህመን ሐዲዱ ጫፍ ድረስ ጋሪውን ይዞ መጥቶ በአገሩ ሰላምታ "ሞይን" አላት፤ እሷም "ሞይን" አለች። መንገዱን በሙሉ ሞተሩ ስለሚጮህ መነጋገር አልነበረም። ሰውየው ከስቷል፤ ጥሩምባውን የነፋበት አውራ ጣቱ በፋሻ ተጠቅልሏል።

ወጥ ቤት ገብተው ተቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ አዲስ የተቀቀለ ሽሪምፕ ተቆልሎ ነበርና እንደ ልማዳቸው ሁለቱም መላጥ ጀመሩ። ልጅቷ ነፍሷ እንደተረፈ ጠዋት ተነግሯል፤ በብርዱ የተጎዳው እግሯ ግን ይድን አይድን ገና አልታወቀም። ናህመን ለጋዜጣ ደብዳቤ እየጻፈ እንደሆነ ነገራት። ሳይደብቅ፣ ሳያለዝብ፣ ሜርለን በስም ጠርቶ። "ሰው ይሞታል ብዬ ጽፌላታለሁ፣ በጥቁርና በነጭ" አለ። "አንብባ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ማስታወሻ ጨመረች! እኔ ከዚህ በላይ ምን ልበል? ሰው ይሞታል ካሉት ወዲያ ምን ቃል አለ? አገር ይወቃት።"

ጎንከ የያዘችው ሽሪምፕ ከእጇ ወደቀ።

"አልደረሳትም" አለች።

"ምኑ?"

"ያንተ ጽሑፍ። ፎረሙ ላይ የገባው ያንተ አይደለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

ናህመን እጁን በፎጣ ጠረገ። ቀስ ብሎ እያንዳንዱን ጣት ጠረገ። "ምን ብለሽ?"

በቃሏ ታውቀዋለች። ስንት ሌሊት ራሷ ለራሷ ያለችው ነው። ሐሳቡ በደንብ የተሠራ ነው ብላ ጀምራ ከምስጋና ጋር እስከሚለው ድረስ ወጣችው። ናህመን ድገሚው አላት፤ ደገመችው።

"ጥሩ ደብዳቤ ነው" አለ። "ይህን ያነበበ ሰው ከወንበሩ አይነሣም። እኔም ብሆን አልነሣም ነበር።"

"ሜርለ እንዳትሄድ ብዬ ነው። አንተ ስትጽፍ እኮ ሰው ይሸሻል፣ ናህመን። ለዚህ ነው ፎረሙንም ያመጣሁት። ስለ ኢሜይል ማርጀት አልነበረም።"

"አውቃለሁ።" መስኮት መስኮቱን እያየ ነው። "ያኔም አውቃለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ደውለሽ ምላስህ ከፋ ብትዪኝ እጮህብሽ ነበር። ጮኼ ስጨርስ ደግሞ እሰማሽ ነበር።"

ጎንከ አንገቷን ደፋች። ለካ ለውይይት የሚሆን ቦታ ስትመርጥ አልነበረም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ለአንድ ሰው ላለመናገር ብላ ነው አራት መቶ ሰው ከቤት ወደ ቤት ያጓጓዘችው፤ አሁን ልቧ እንዲህ ብሎ ነገራት፣ ልትሸሸውም አልቻለችም።

"ሌሎቹስ?" አለ ናህመን። "ሌሎቹ ጽሑፎቼ?"

"ሁሉም።"

"እነዚያ ያመሰገኑኝ ሰዎች..."

ሰውየው በዝግታ ራሱን ነቀነቀ። በፊቱ ላይ ያየችው ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ምንኛ በተሻላት። በስተርጅናው ሰው የወደደው መስሎት አንድ ዓመት ያህል ደስ ብሎት የኖረ ሰው ፊት ነው። "እኔ እኮ ሲለምዱኝ ጊዜ ነው ብዬ ነበር" አለ፤ ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አልተናገረም።

የጋዜጣውን ደብዳቤ አጥፎ ምድጃው ውስጥ ጨመረው። እዚያው እንዳለች የሱን ጽሑፍ አንድ ቃል ሳታጎድል ፎረሙ ላይ እንድታወጣው ጠየቃት፤ ስለ ወንበሮቹ ያለውንም ጭምር። ኔትወርኩ ቤት ውስጥ አልይዝ ስላላት ጉብታው ጫፍ ላይ ወጥታ፣ ነፋሱ ፀጉሯን አፏ ውስጥ እየከተተው ጻፈችው። ከሥሩ "ይህ ጽሑፍ፣ ሰው ይሞታል የሚለውም ጭምር፣ በጊዜው ደርሶኝ ነበር፤ የለወጥኩት እኔ ነኝ፤ ሜርለ አላየችውም፤ ናህመንም አያውቅም ነበር" ብላ ስሟን አስፍራ ላከች። የአስተባባሪነቱን ቦታ እንደምትለቅም ጨመረችበት። ገጹ ብዙ ጊዜ ዞሮ ዞሮ ጽሑፉ ገባ።

ስትመለስ ናህመን ካፖርቱን ለብሶ ደጅ ቆሟል። የተላጠውን ሽሪምፕ በዕቃ አድርጎ ሰጣት፤ ለብሮደር ነው አለ። በሐዲዱ ላይ ሲመለሱ ግራና ቀኙ ውሃ ሆኖ ነበር። ጎንከ ከኋላው ተቀምጣ ጀርባውን እያየች አንድ ነገር እንዲላት ጠበቀች። ይሳደብ፣ ያላግጥባት፣ ደደብ ይበላት።

የብስ ሲደርሱ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ እጇን ይዞ አወረዳት። በአሥር ዓመቷ ካወቃት ጊዜ ጀምሮ ከአንቺ በስተቀር ጠርቷት የማያውቅ ሰው ነው። ኮፍያውን ከራሱ አነሣላት።

"በደህና ይግቡ፣ ወይዘሮ ፌደርዘን" አለና ጋሪውን አዞረ።